የጃፓን ጌም ለደሴ ጌም ቤት፦ ቅጂውን መለየት፣ ዕድሜውን ማንበብ፣ መቆለፍ

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ጌም ቤት ውስጥ አብዛኛው ስክሪን ኳስ ነው። የቀሩት ላይ ተክን፣ ናሩቶ፣ ዴቪል ሜይ ክራይ፣ ሬዚደንት ኢቭል ይፈራረቃሉ፤ አራቱም የጃፓን ሥራ ናቸው። ልጇን ፍለጋ የመጣች እናት በር ላይ ቆማ «ይኼ ነገር ለልጅ ይሆናል እንዴ?» ስትል፣ አጫዋቹ «ኧረ እትዬ፣ ካርቱን እኮ ነው» ብሎ ይሸኛታል። ለናሩቶ ከሆነ ብዙም አልዋሸም። በዚያው ቋንቋ ተሠርቶ፣ በዚያው ዓይነት ስዕል ያጌጠ ግን ለአዋቂ ብቻ የሚሸጥ ጌምም አለ፤ ሁለቱን ከስዕሉ መለየት አይቻልም። መለየት የሚቻለው ከካርቶኑና ከሲዲው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች የውጭ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን ሕጎች ላይ ብቻ በእኛው ነው።)

መጀመሪያ፦ የቆረጠው ማን ነው?

«የጃፓኑ ቅጂ ያልተቆረጠ ነው» የሚባል ወሬ አለ። ግማሹ ስህተት ነው። አንድ ጌም እኛ ጋ እስኪደርስ ቢያንስ አራት መቀስ ሊያልፍበት ይችላል፤ አራቱም የሚቆርጡት የተለያየ ነገር ነው።

አንደኛው የጃፓን ሕግ ነው። የ1907 የወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 175 ጸያፍ ነገር ማሰራጨትን ስለሚከለክል፣ ለአዋቂ ተብሎ በግልጽ የሚሸጠው የኮምፒውተር ጌም እንኳ ብልት የሚታይበትን ቦታ በሞዛይክ ይሸፍናል። እነዚህን የኮምፒውተር ጌሞች የሚመረምረው ማኅበር በ1992 ተቋቋመ፤ መነሻው ከአንድ ዓመት በፊት አንድ ታዳጊ ተማሪ የአዋቂ ጌም ከሱቅ ሰርቆ በመያዙ የተነሳው ጫጫታ ነበር።

ሁለተኛው ሴሮ የሚባለው የኮንሶል ጌም ደረጃ ሰጪ ድርጅት ነው፤ በ2002 የተመሠረተ። ሴሮ ዕድሜ መጻፍ ብቻ ሳይሆን ጭራሽ የማያሳልፋቸው ነገሮችም አሉት። ለ18 ዓመት ተብሎም ቢሆን ከእነዚያ አንዱ ካለበት ደረጃ አይሰጥም፤ ደረጃ የሌለው ጌም ደግሞ በጃፓን በኮንሶል አይወጣም። ሳይበርፐንክ 2077 በጃፓን ሲሸጥ እርቃኑ የውስጥ ልብስ የለበሰው ለዚህ ነው። ዘ ካሊስቶ ፕሮቶኮል ደግሞ በ2022 ይዘቱን ሳይቀይር ደረጃ ማግኘት ስላልቻለ የጃፓን ሽያጩ ቀረ፤ ችግሩ ወሲብ ሳይሆን የተቆራረጠ አካል እንደነበር ይታመናል። በነገራችን ላይ ፎልአውት 3 ውስጥ ሜጋቶን የተባለችውን ከተማ በቦምብ የማጥፋቱ ምርጫም ከጃፓኑ ቅጂ ወጥቷል። የኒውክሌር ቦምብ ለነሱ ቀልድ አይደለም።

ሦስተኛው መቀስ ጌሙን ወደ ምዕራብ የሚያሻግረው አሳታሚ ነው። ፋየር ኢምብለም ፌትስ በ2016 አሜሪካ ሲገባ፣ ጃፓን ውስጥ የነበረው ፊት የመዳሰስ ጨዋታ ቀረ። ዘኖብሌድ ክሮኒክልስ ኤክስ ላይ የ13 ዓመቷ ገጸ ባሕርይ ገላ የሚያሳዩ ልብሶች ተቀየሩ።

አራተኛው የኮንሶሉ ባለቤት ነው። ሶኒ ወሲባዊ ይዘት ላይ የራሱን መመሪያ ማጥበቁ በ2019 በጋዜጣ ወጣ፤ ከዚያ በፊት በ2018 ሰንራን ካጉራ በርስት ሪኒዋል ገጸ ባሕርያቱን የመነካካት ክፍሉን ከምዕራቡ የፕሌይስቴሽን 4 ቅጂ ላይ ሲያጣ፣ የኮምፒውተሩ ቅጂ ላይ ግን ሳይነካ ቆይቷል። የኮምፒውተር ጌም በኢንተርኔት የሚሸጠው ስቲም በዚያው ዓመት ሕገወጥ ካልሆነ በቀር ሁሉንም እሸጣለሁ፣ ማጣሪያውን ተጫዋቹ ያብጀው ብሎ ነበር። በ2025 ደግሞ የክፍያ ካርድ ኩባንያዎች ግፊት ሲበረታ ብዙ የአዋቂ ጌሞችን አወረደ። ጃፓን ውስጥም ዲኤልሳይት የሚባለው ሱቅ በ2024 በቪዛና በማስተርካርድ መክፈልን አቁሟል። ይኼኛው አምስተኛ መቀስ ነው ማለት ይቻላል፤ ምን እንደሚቆርጥ አስቀድሞ የማይናገር በመሆኑ ከሁሉም የባሰ ነው።

ክርክሩም እዚህ ላይ ነው። ተቃዋሚዎቹ «ካርቶኑ ላይ 18 ተብሎ ተጽፎ ሳለ ለምን ዳግም ይቆረጣል?» ይላሉ፤ ለአዋቂ በተጻፈ ጌም ላይ ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። ደጋፊዎቹ በሕፃን መልክ የተሳለ ገጸ ባሕርይ ወሲባዊ ትዕይንት ላይ ሲገባ የዕድሜ ምልክት መፍትሔ አይሆንም ይላሉ፤ እዚያ ላይ ደግሞ እውነቱ የነሱ ነው። ለጌም ቤት የሚበጀው ካፕኮም ጃፓን ውስጥ በ2019 ሬዚደንት ኢቭል 2ን የሸጠበት መንገድ ነው፦ አንድ ቅጂ ከ17 ዓመት በላይ፣ ሌላ ቅጂ ከ18 በላይ፣ ገዢው ይምረጥ። እናንተም መቀስ አያስፈልጋችሁም። ቁልፍ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ካርቶኑን ማንበብ

የጃፓን ካርቶን ከፊት ለፊቱ፣ ከታች በግራ ጥግ አንድ ትልቅ የላቲን ፊደል አለው። ኤ (ጥቁር) ለሁሉም፣ ቢ (አረንጓዴ) ከ12፣ ሲ (ሰማያዊ) ከ15፣ ዲ (ብርቱካናማ) ከ17 በላይ ነው። ዜድ (ቀይ) ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ብቻ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ምክር ናቸው፤ ጃፓን ውስጥ ሻጩ ዕድሜ ጠይቆ እንዲሸጥ የሚጠበቀው ዜድን ነው። ይኼ ፊደል የመጣው በ2006 ስለሆነ ከዚያ በፊት በወጡ የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲዎች ላይ በፊደል ፋንታ ቁጥር ታገኛላችሁ። ካርቶኑ ጀርባ ላይ ደግሞ ምክንያቱን የሚናገሩ ትንንሽ ስዕሎች አሉ፤ ዓይነታቸው ዘጠኝ ሲሆን ወሲብና ፍቅር ለየብቻ ይመደባሉ። እንደኛ አገር «የፍቅር ነገር» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለል የለም።

የአውሮፓው ፔጊ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18 ብሎ በቁጥር ይጽፋል። የአሜሪካው ኢ.ኤስ.አር.ቢ. በፊደል ነው፤ ኢ ለሁሉም፣ ቲ ከ13፣ ኤም ከ17 በላይ። ሦስቱ አይስማሙም። ተክን 7ን አሜሪካ ለ13 ዓመት ልጅ ስትፈቅድ አውሮፓ 16 ትላለች። ጥርጣሬ ካላችሁ ከፍ ያለውን ቁጥር ያዙ።

ካርቶን የሌለው፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣ ሲዲ ከሆነ ፊቱ ላይ የተጻፈውን ኮድ ፈልጉ። በፕሌይስቴሽን 3 ቢ.ኤል.ኢ.ኤስ. አውሮፓ፣ ቢ.ኤል.ዩ.ኤስ. አሜሪካ፣ ቢ.ኤል.ጄ.ኤም. ወይም ቢ.ኤል.ጄ.ኤስ. ጃፓን፣ ቢ.ኤል.ኤ.ኤስ. እስያ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 የጃፓኑ በፒ.ኤል.ጄ. ይጀምራል። ኮዱ ሁለት ነገር ይነግራችኋል። አንዱ የትኛው መቀስ እንዳለፈበት ነው። ሌላው ደግሞ የትኛው ተጨማሪ ይዘት እንደሚሠራበት ነው፤ ፕሌይስቴሽን 3ም 4ም የየትኛውንም አገር ሲዲ ያጫውታሉ ለማለት ይቻላል፣ ከኢንተርኔት የሚወርደው ተጨማሪ ግን ከሲዲው አገር ጋር ካልገጠመ አይከፈትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲዲው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል።

ሃርድ ዲስክ ላይ ተጭኖ የመጣ ጌም ካርቶንም ኮድም አያሳይም። እሱን በስሙ ኢ.ኤስ.አር.ቢ. ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ከደረጃው ሥር ጌሙ ውስጥ ምን ዓይነት ትዕይንት እንዳለ በአንድ አንቀጽ ይዘረዝራል፤ በስልክ አስተርጉሞ ለማንበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ማሳሰቢያ፦ አፕዴት ይዘት ይቀይራል። ዴቪል ሜይ ክራይ 5 በ2019 ሲወጣ በምዕራቡ የፕሌይስቴሽን 4 ቅጂ አንድ የእርቃን ትዕይንት ላይ የብርሃን ጨረር ተጋርዶበት ነበር፤ የጃፓኑ ላይ ጨረሩ አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ከአሜሪካው ቅጂ ላይ በአፕዴት ተነሳ። ኢንተርኔት የማያገኝ ኮንሶል የቀድሞውን፣ የሚያገኝ ደግሞ አዲሱን ያሳያል። አንድ ሲዲ፣ ሁለት ስክሪን፣ ሁለት የተለያየ ትዕይንት።

መቆለፍ

ፕሌይስቴሽን 3 ላይ፦ ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ሴኩሪቲ ሴቲንግስ ግቡ። መጀመሪያ ቼንጅ ፓስወርድን ክፈቱ፤ ፋብሪካው የሰጠው 0000 ስለሆነ ይህን ሳትቀይሩ የምታደርጉት ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ፓረንታል ኮንትሮል ውስጥ ከ1 እስከ 11 ቁጥር አለ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም፤ ብዙዎች 11 ላይ አድርገው «ቆለፍኩ» የሚሉት ይህን ገልብጠው ስለሚረዱት ነው። 5 ላይ አድርጋችሁ አንድ የ18 ዓመት ሲዲ፣ ለምሳሌ ጂቲኤ 5 ክተቱ። ፓስወርድ ከጠየቀ ሠርቷል።

ፕሌይስቴሽን 4 ላይ፦ ሴቲንግስ፣ ፓረንታል ኮንትሮልስ/ፋሚሊ ማኔጅመንት፣ ፒኤስ4 ሲስተም ሪስትሪክሽንስ። እዚህም መግቢያው 0000 ነው። ሦስት ነገር አድርጉ፦

1. ቼንጅ ሲስተም ሪስትሪክሽን ፓስኮድ፦ አዲሱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ከጠፋ ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ ከማጽዳት ሌላ መፍትሔ የለም፤ የደንበኞች ሴቭም አብሮ ይሄዳል።
2. ኒው ዩዘር ክሪኤሽን ኤንድ ገስት ሎግኢን፦ ኖት አላውድ። ይህ ካልተዘጋ ልጁ አዲስ ዩዘር ከፍቶ ይገባል።
3. ዲፎልት ፓረንታል ኮንትሮልስ፦ የጌሙን ዕድሜ ምረጡ፤ ኢንተርኔት ብሮውዘሩንም ዝጉ።

ሦስተኛው የሚሠራው የፕሌይስቴሽን ኔትዎርክ አካውንት በሌላቸው ዩዘሮች ላይ ነው። ስለዚህ ለደንበኛ የሚከፈቱት ዩዘሮች አካውንት አይኑራቸው፤ የእናንተ ብቻ ይኑረው። በእናንተ ዩዘር ላይ ደግሞ ሎግኢን ሴቲንግስ ውስጥ ፓስኮድ ማኔጅመንት ገብታችሁ ባለአራት አኃዝ ቁልፍ አድርጉ። ቁጥሩ በጆይስቲክ ቁልፎች ነው የሚገባው፤ አጠገባችሁ የቆመ ልጅ ጣታችሁን አይቶ በአንዴ ይይዘዋል። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ሥር አድርጋችሁ አስገቡ። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ምናሌው ፋሚሊ ኤንድ ፓረንታል ኮንትሮልስ ይባላል፣ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፣ መነሻ ቁጥሩም ያው 0000።

ሲስተሙ የተሰበረ (ኮፒ ጌም እንዲያጫውት የተከፈተ) ኮንሶል ላይ ቁልፉን ሳትፈትኑ አትመኑ። አንዳንዱ ጌም የዕድሜ መረጃውን ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ተነካክቶ ይመጣል። እያንዳንዱን ከፍታችሁ ካላያችሁ፣ ለአዋቂ የሆኑትን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ለይታችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ለዚህ ሥራ መሳቢያ ከሶፍትዌር ይሻላል።

ክፍሉና ሕጉ

ቁልፍ የሚጫወተውን እንጂ ከኋላው የቆመውን አያግድም። ጌም ቤት ውስጥ ደግሞ አንዱ ሲጫወት አምስቱ ቆመው ያያሉ። የ18 ዓመት ጌም የሚጫወትበት ስክሪን ጀርባው ለበሩ፣ ፊቱ ለግድግዳ ይሁን፤ ካልተቻለ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ብቻ ክፈቱት።

አዋቂ ነኝ ያለ ደንበኛም ቢጠይቅ በግልጽ ወሲባዊ የሆኑትን ጌሞች ቤቱ ውስጥ አታስገቡ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 ጸያፍ ምስልን ማሳየትና ማከራየትን ያስቀጣል፤ አንቀጽ 644 ደግሞ ልጆችን የሚመለከት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን በወሲብ የሚያሳይ ምስል ማሰራጨትን ወንጀል ያደርጋል። «ስዕል ነው እንጂ ሰው አይደለም» የሚለውን መከራከሪያ ፍርድ ቤት ሄዶ መሞከር የሚገባው ጌም የለም።

መብራት ሲመለስ

ሁሉንም በትክክል ቆልፋችሁም የምትሸነፉበት አንድ ቦታ አለ። ፕሌይስቴሽን 4 ሎግኢን ሴቲንግስ ውስጥ ሎግ ኢን አውቶማቲካሊ የሚል ምርጫ አለው። እሱ በእናንተ ዩዘር ላይ በርቶ ከሆነ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮንሶሉ እንደተነሳ በቀጥታ በእናንተ ስም ሊገባ ይችላል፤ የልጆቹ ገደብ እዚያ ላይ አይሠራም። እናንተ ጄኔሬተር ልታጠፉ ወጥታችሁ ስትመለሱ የ10 ዓመቱ ልጅ ሬዚደንት ኢቭል ይዞ ታገኙታላችሁ። ምርጫውን አጥፉት። ከዚያ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሳይሆን ኮንሶሉን በወጉ አጥፍታችሁ አብሩት፤ የዩዘር ዝርዝሩን አሳይቶ «ማን ነህ?» ካለ ጨርሳችኋል።