ሁለት ጉንጭ ውሃ፦ የልጅነት እምነትን ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ስድስት ሰባት ሆነን ረቂቅ እንነባበባለን። ሁላችንም የምንጽፈው የራሳችንን ሕይወት ነው፤ ዞረን ዞረን የምንደርሰውም አንድ ቦታ ነው፦ እናት፣ ጾም፣ ቁርባን፣ የንስሐ አባት፣ ፍርሃት። እዚያ ስንደርስ የምንሠራቸው ስህተቶችም ይመሳሰላሉ። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ የራሴ ናቸው።

ከፍርድ መጀመር

«ሃይማኖት ልጅነቴን ቀማኝ» ብሎ የሚጀምር ረቂቅ ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ዐረፍተ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ፍርዱ ከምስክሩ መቅደሙ ነው። አማኙ አንባቢ ገና ምንም ሳያይ ይከፋዋል፤ የማያምነው ገና ምንም ሳያይ ያጨበጭባል።

የእኔም የመጀመሪያ ረቂቅ የጀመረው እንዲሁ ነበር። ያችን መስመር ስሰርዛት ከሥሯ የሚከተለው ወጣ።

ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጊዜው ፍልሰታ። የሰፈራችን ልጆች ከነሐሴ 1 ጀምሮ በየቀኑ ለመቁረብ እንሽቀዳደም ነበር። ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ እህልም ውሃም የለም። ከቤተልሔሙ፣ የቁርባኑ ኅብስት ከሚዘጋጅበት ቤት፣ ጀርባ ቧንቧ ነበር። እጄን ልታጠብ ጠጋ አልኩና ሁለት ጉንጭ ጠጣሁ። ማንም አላየኝም። ከዚያ ከልጆቹ ጋር ተሰልፌ ቆረብኩ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወደ ቤት ስመለስ የቆረበ ሰው ምራቁን እንትፍ እንደማይል አውቃለሁ፤ እኔ ግን እንትፍ የምለውም የምውጠውም አልነበረኝም፤ አፌ ክው ብሎ ደርቋል። እናቴ ደጅ ጠብቃ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ብላ ግንባሬን ሳመችው። ማታ ቁንጫ የነከሰኝን ቦታ በኩራዝ ደጋግሜ አየሁት፤ መቅሰፍቱ ከዚያ የሚጀምር መስሎኝ ነበር።

«ቀማኝ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ጋርዶት ነበር።

ለልጁ የአዋቂ ጭንቅላት ማዋስ

የስምንት ዓመት ልጅ «ሃይማኖታዊ ጫና» አታውቅም። የምታውቀው ቁጥር ነው። ሁለት ጉንጭ ከአንድ ብርጭቆ ያንሳል? አሥራ ሁለት ጊዜ ብሰግድ አንዱን ጉንጭ ይሰርዝልኛል? የሚካኤል ቀን ደግሞ ብሰግድስ? ለልጅ ጥፋት ዕዳ ነው፤ እንደ ሱቅ ዱቤ ይመዘገባል። ጸሐፊው ይህን ስሌት ዘሎ «በከፍተኛ የሥነ ልቡና ውጥረት ውስጥ አለፍኩ» ሲል ልጁ ከገጹ ይወጣና ወንበሩን ሐኪም ይይዘዋል።

ነውርንና ኃጢአትን ማምታታት

ረቂቆቻችን ላይ በብዛት የማየው ስህተት ይህ ነው፤ ሁሉንም «ጸጸት» ብሎ መጠቅለል። አማርኛ እኮ በዚህ በኩል ድሃ አይደለም። እናቶቻችን «ነውር ነው» ሲሉ ጎረቤት እያየ ነው ማለታቸው ነው። «ኃጢአት ነው» ሲሉ የሚያየው ሌላ ነው። «ግፍ ነው» ሲሉ ደግሞ በመካከል የተበደለ ሰው ወይም እንስሳ አለ። ይሉኝታ፣ ሀፍረት፣ የኅሊና ወቀሳ፣ ጸጸት አንድ ቤት ያደጉ እህትማማቾች ናቸው እንጂ አንድ ሰው አይደሉም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። 13 ዓመቴ ላይ የወር አበባዬ መጣ፤ እሁድ ከደጅ ቆሜ አስቀደስኩ። በረቂቄ ላይ «ጥፋተኝነት ተሰማኝ» ብዬ ጽፌ ነበር። ውሸት ነው። በእግዚአብሔር ፊት ምንም አልተሰማኝም። ያቃጠለኝ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በአጠገቤ ሲያልፉ ለምን ውጭ እንደ ቆምኩ ማወቃቸው ነው። ያ ሀፍረት ነው። ቧንቧው ዘንድ ግን ያየኝ ሰው አልነበረም፤ እንቅልፍ ያሳጣኝም ሰው አይደለም። ሁለቱን በአንድ ቃል ስጽፋቸው ሁለቱም ጠፉ። ስለዚህ «ጸጸት» የሚል ቃል ስትጽፉ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፦ ያኔ ልጁን የሚያየው ማን ነበር?

የጾሙን ቀን መሳት

ከመካከላችን አንዱ በግንቦት መጀመሪያ፣ ረቡዕ ቀን፣ ሥጋ በልቶ እንደ ተገረፈ የሚያሳዝን ምዕራፍ አነበበልን። ታሪኩ ጥሩ ነበር። ግን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ የግንቦት መጀመሪያ ደግሞ ፋሲካ በየትኛውም ቀን ቢውል ከእነዚህ ቀናት አይወጣም። ካፌው ውስጥ አንዲት የቄስ ልጅ አለች፤ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ሰማናት። ከዚያ በኋላ ያነበበውን ሁሉ ያዳመጠችው በጥርጣሬ ነው። (በኋላ እንደ ተረዳነው ግርፋቱ እውነት ነበር፤ ወሩ ነው የተሳሳተው። የሐዋርያት ጾም ሳይሆን አይቀርም።)

እንዲህ ያሉ ነገሮች ቀላል ይመስላሉ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ በ40 ቀኑ የሚነሣው ወንዱ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የአራዳ ጊዮርጊስ ሕንጻ ክብ አይደለም፤ ስምንት ማዕዘን አለው፤ «ክቡን ቤተ መቅደስ ዞርኩት» ብሎ የጻፈ የፒያሳ ልጅ ፒያሳ ማደጉን ማን ያምነዋል? ስለ ሃይማኖት በምሬት የሚጽፍ ሰው ዝርዝሩን ከአማኙ በላይ ማወቅ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ጣፋጩን መተው

ፍርሃቱ ብቻ ከተጻፈ ፍርሃቱም አይታመንም። እኔ ሁለት ጉንጭ ውሃ ያን ያህል ያስፈራኝ የማጣው ነገር ስለ ነበረኝ ነው፦ ሌሊት የሚሰማው የማኅሌት ከበሮ፣ በእናቴ ነጠላ ላይ ሰንብቶ የሚቆየው የዕጣን ሽታ፣ በጥምቀት ታቦቱን ተከትሎ ጃንሜዳ መውረድ። የማይወዱት ቤት ቢያባርርም አያስለቅስም።

የራስን ግቢ አገር ማድረግ

«በእኛ ዘመን ሁሉም ልጅ...» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ አውጡት። በእኛው ግቢ የኑር መስጊድን አዛን ሰምታ የምትነሣ ጓደኛ ነበረችኝ፤ በረመዳን እሷ ስትጾም እኔ ፊቷ በልቼ አውቃለሁ፤ ይህም በራሱ ምዕራፍ ነው። ከጀርባችን ያሉት ጴንጤዎች ደግሞ በደርግ ዘመን በር ዘግተው በሹክሹክታ ነበር የሚዘምሩት። የእነዚያ ልጆች ፍርሃት ከገሃነም በፊት ቀበሌ ነበር።

አንባቢን የንስሐ አባት ማድረግ

የንስሐ አባት ሰምቶ ቀኖና ይሰጣል፤ ይህን ያህል ስገድ፣ ይህን ያህል ጹም ይላል፤ የሰማውንም ይዞ ይቀበራል። አንባቢ ከሁለቱ አንዱንም አይችልም። ይቅርታ ፍለጋ የተጻፈ ገጽ ይታወቃል፤ በየሦስት መስመሩ ራሱን ይደበድባል፣ ከዚያም ቀና ብሎ ፊታችንን ያያል።

ከዚሁ ጋር የሌላውን ሰው ምሥጢርም እናወጣለን። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። «ፒያሳ፣ ቀይ ጃንጥላ ያላቸው፣ የሚያነክሱ አባት» ከተባለ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። ጃንጥላውንም እግሩንም ደብሩንም ቀይሩ፤ ለልጁ ያሉትን ቃል ግን አትንኩ።

በፈረሰ ሰፈር ማልቀስ

የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም ከፈረሰ ወዲህ የምንጽፈው ሁሉ ለሰለሰ። ቤቱ ስለሌለ ቤቱ ውስጥ የተገረፍነውን መርሳት ጨዋነት መሰለን። እኔም ለአንድ ዓመት ያህል እናቴን መልአክ አድርጌ ጻፍኳት። ከዚያ በፊት ዐቃቤ ሕግ ነበረች። በሁለቱም ረቂቅ ውስጥ ሽሮ ስታማስል አትታይም።

የሚቃወመውን ትዝታ መሰረዝ

ባለፈው ወር የቧንቧውን ምዕራፍ ለታላቅ እህቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ «እዚያ ግቢ ቧንቧ የገባው አንቺ ሃይስኩል ከገባሽ በኋላ ነው» አለችኝ። በእኛ ጊዜ ከቤተልሔሙ ጀርባ የነበረው ክዳን ያለው በርሜል ነው፤ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጫንበት ነበር፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ ይከብዳል።

«ታዲያ ማን አነሣልኝ?» አልኳት።

መልስ አልሰጠችኝም፤ ተነሥታ ቡናውን ልትደግም ወደ ጓዳ ገባች። ቧንቧውን አልሰረዝኩትም። ከሥሩ በርሜሉንና ድንጋዩን ጨመርኩ፤ ጥያቄዬንም እንዳለ ተውኩት።