የሻገተውን የቤት ቢሮዬን እንዴት እንዳስተካከልሁት

ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው የጭቃ ቤታችን ውስጥ አንዱን ክፍል ቢሮ ካደረግሁት በኋላ፣ ባለፈው ክረምት የመጻሕፍት መደርደሪያውን ስስብ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ጠቁሮ፣ የታችኛው ረድፍ ፋይሎችም ጠርዛቸው አረንጓዴ ሻጋታ ይዞ አገኘኋቸው። መጀመሪያ ጣሪያው የሚያፈስ መስሎኝ ቆርቆሮውን አስፈተሽሁ፤ ደኅና ነበር።

ጥፋቱ የራሴ ነው። መደርደሪያውን ከውጪው ግድግዳ ጋር አጣብቄው ስለነበር ከጀርባው አየር አይዘዋወርም፤ የክፍሉ እርጥበትም ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ ለውበት ብዬ ያስቀባሁት የፕላስቲክ ቀለም ጭቃው የያዘውን እርጥበት አፍኖታል። ስለዚህ ቀለሙን በስፓቱላ ፍቄ፣ ግድግዳው በጥቅምት ፀሐይ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቄ በኖራ አስቀባሁት፤ ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፣ ለሻጋታም አይመችም። መደርደሪያውን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛውሬ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቄ፣ በብሎኬት ላይ አቆምሁት።

ጠረጴዛውንም መስኮቱ በግራዬ በኩል እንዲውል አዞርሁት፤ አሁን ስጽፍ የቀኝ እጄ ጥላ ወረቀቱ ላይ አያርፍም፣ የከሰዓት ፀሐይም ስክሪኑ ላይ አያንጸባርቅም። እናቴ የሰፋችውን ሰፌድ ግን፣ ነጩ ኖራ ላይ እጅግ ቢያምርም፣ ከውጪው ግድግዳ አንስቼ ከውስጠኛው በር በላይ ሰቀልሁት፤ አክርማም እንደ ወረቀት ይሻግታል።