ክሬዲት ሪፖርታችሁ ላይ የማታውቁት ዕዳ ሲወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ ውስጥ ቤት ሲከራዩም፣ መኪና ሲገዙም መጀመሪያ የሚታየው ክሬዲት፣ ማለትም የብድርና የአከፋፈል ታሪካችሁ ነው። ስህተት ደግሞ ብርቅ አይደለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ከአምስት ሰው አንዱ ቢያንስ በአንዱ ሪፖርቱ ላይ የነበረ ስህተት ዲስፒዩት ካደረገ (ልክ አይደለም ብሎ በይፋ ከተቃወመ) በኋላ ተስተካክሎለታል።

ብዙ ሰው ግን ስህተት ሲያይ ኦንላይን ገብቶ “የኔ አይደለም” የሚለውን ይጫንና ይጠብቃል። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ይሄ ብዙም አያስኬድም። ስለዚህ መጀመሪያ ከአንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም (annualcreditreport.com) የሦስቱንም ክሬዲት ቢሮዎች (ታሪኩን የሚይዙት ድርጅቶች)፣ ማለትም የኢኩፋክስን፣ የኤክስፔሪያንን እና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት አውጡ። በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። አንዱ ጋ ያለው ስህተት ሌላው ጋ ላይኖር ይችላል።

ያልከፈታችሁት ካርድ፣ ያልኖራችሁበት አድራሻ፣ ያልሠራችሁበት መሥሪያ ቤት አለ

ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ሌባ ነው። እኛ ሐበሾች ጋ ግን በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት ስማችን ነው። የአባት ስም ላስት ኔም ሆኖ ይገባል፤ በአንድ ከተማ ስንት ተስፋዬ፣ ስንት ከበደ አለ። ወንድምና እህት ላስት ኔማቸውም አድራሻቸውም አንድ ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የአያት ስም ይጨመራል፣ ሌላው ላይ ይቀራል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንድ ፊደል ይለወጣል። የቢሮዎቹ ኮምፒውተር በስም፣ በአድራሻና በሶሻል ቁጥር መመሳሰል ሰውን ስለሚያዛምድ የሁለት ሰው ፋይል አንድ ላይ ይገባል።

መፍትሄው ከዕዳው አይጀምርም። መጀመሪያ ሪፖርቱ አናት ላይ ያለውን የግል መረጃ አጽዱ፦ የተሳሳተውን ስም፣ አድራሻና የልደት ቀን አስወጡ። እነሱ እዚያው እስካሉ ድረስ የጠፋው ዕዳ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ “ፋይሌ ከሌላ ሰው ጋር ተደባልቋል” ብላችሁ ጻፉ። የመታወቂያና የሶሻል ካርድ ኮፒ፣ እንዲሁም በስማችሁ የመጣ የመብራት ወይም የስልክ ቢል አያይዙ። ኦሪጅናል አትላኩ። እኔ ከኦንላይኑ ይልቅ በሰርቲፋይድ ሜይል የተላከ ደብዳቤ እመርጣለሁ፤ የደረሰበት ቀን በእጃችሁ ይቀራል። ቢሮው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መጨረስ አለበት፤ አንዳንዴ 45 ቀን ይፈቀድለታል።

ስሙም ሶሻሉም የእናንተ ነው፣ አካውንቱን ግን አልከፈታችሁም

ይሄ የማንነት ስርቆት ነው። አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ ላይ ሪፖርት ሙሉና ከመታወቂያችሁ ጋር ለሦስቱም ላኩ። የተሟላ ማስረጃ ከደረሳቸው በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ዕዳውን ማገድ አለባቸው። ክሬዲታችሁንም ፍሪዝ አድርጉ፣ ማለትም በስማችሁ አዲስ ብድር እንዳይከፈት አዘጉት፤ ነፃ ነው። ሶሻላችሁን ለዘመድ ፈቅዳችሁ አውሳችሁ ከሆነ ግን ተሰረቅሁ ብላችሁ አትፈርሙ። የሐሰት ሪፖርት ራሱ ወንጀል ነው።

የሆስፒታል ቢል ከፍላችሁም ኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ) ሆኖ ይታያል

የተከፈለ፣ ዓመት ያልሞላው ወይም መነሻው ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን በሦስቱ ቢሮዎች ሪፖርት ላይ መውጣት የለበትም። ደረሰኙን ልካችሁ ይህንኑ ጥቀሱ።

የድሮ ዕዳ አዲስ መስሎ ተመልሷል

ዕዳው ለሌላ ሰብሳቢ ሲሸጥ አዲሱ ድርጅት መክፈል ያቆማችሁበትን ቀን አንዳንዴ በአዲስ ቀን ይተካዋል። ይሄ ክልክል ነው። ያልተከፈለ ዕዳ ከሪፖርቱ የሚወጣበት ሰባት ዓመት የሚቆጠረው መጀመሪያ መክፈል ካቆማችሁበት ጊዜ ተነስቶ ነው፤ መሸጡም፣ በኋላ መክፈላችሁም አያድሰውም። የድሮ ሪፖርት ወይም ደብዳቤ ካላችሁ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አሳዩ።

“ተረጋግጧል” የሚል መልስ መጣ

በጣም የሚያናድደው ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሆነው፣ ቢሮው ቅሬታችሁን በአጭር ኮድ ለአበዳሪው ላከ፣ አበዳሪውም የራሱን ኮምፒውተር አይቶ “ልክ ነው” አለ። ያንኑ ደብዳቤ ደግማችሁ ብትልኩ መሠረተ ቢስ ብለው ሊዘጉት ይችላሉ። እንዴት እንዳጣሩት በጽሑፍ ጠይቁ፤ በ15 ቀን ውስጥ መናገር አለባቸው። በዚያው አዲስ ማስረጃ ጨምራችሁ ለራሱ ለአበዳሪው በቀጥታ ጻፉ። ካልሆነ ለመንግሥቱ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ (CFPB) አቤት በሉ። ከዚያ ወዲያ ጠበቃ ነው፦ ከረታችሁ የጠበቃውን ወጪ የተከሰሰው ወገን ስለሚከፍል ከደንበኛው ቅድሚያ ክፍያ የማይጠይቁ አሉ።

ዕዳው እውነት ነው፣ ግን እንዲጠፋ ትፈልጋላችሁ

ዲስፒዩት እውነተኛ ዕዳ አያጠፋም። ቲክቶክ ላይ “ሁሉንም አጸዳላችኋለሁ፣ መጀመሪያ ይህን ያህል ላኩ” የሚል ሲገጥማችሁ፣ ክሬዲት አስተካካይ ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ መሆኑን እወቁ። ከፈረማችሁም ውሉን በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ምንም ቅጣት ማፍረስ ትችላላችሁ።