የላብራቶሪ ሕንፃ ስትነድፉ ከአየሩ ጀምሩ

የመጀመሪያውን የሳይንስና ምህንድስና ሕንፃ ስነድፍ ሐሳቤ ሁሉ መስኮትና መብራት ላይ ነበር። ተሳስቻለሁ። ኃይሉን የሚበላው አየሩ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የኬሚካል ጢስ ስላለ፣ ያሞቅነው ወይም ያቀዘቀዝነው አየር እንዳለ ወደ ውጭ ይጣላል።

ስለዚህ ላብራቶሪዎቹን በአንድ ወገን፣ ቢሮና መማሪያ ክፍሎችን በሌላ ወገን አድርጉ። ለቢሮ የሚከፈት መስኮት ይበቃዋል።

ቀጥሎ ፊውም ሁድ፣ ማለትም ጢሱን የሚስበው ባለመስታወት ሳጥን። ስንት እንደሚያስፈልግ ተመራማሪዎቹን ጠይቁ። «ለማንኛውም ይኑር» ካሉ እሺ አትበሉ። መስታወቱ ሲወርድ ፍሰቱም አብሮ የሚቀንስ ዓይነት ምረጡ። የማራገቢያ ሒሳብ ደስ ይላል፦ ፍሰቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚፈልገው ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። የደህንነት ባለሙያው ካስቀመጠው ልክ በታች ግን አትውረዱ።

ከሚወጣው አየር ሙቀቱን መልሳችሁ ያዙ። የሚወጣውና የሚገባው አየር እንዳይነካኩ በመሃል ፈሳሽ የሚዞርበት ቱቦ ይሁን።

የፀሐይ መከለያና መብራት? እነሱ ቀላል ናቸው። ቆጣሪ ግን ለየወለሉ ለብቻ አስገቡ። እኔ ለሕንፃው አንድ ብቻ አስገብቼ፣ ሌሊት ማን እንደሚያባክን ሳይታወቅ ዓመት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከረምን።