አክሰስ ላይ የሺፍት ቁልፍን ስትዘጉ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ለአንድ ሱቅ ዳታቤዝ በሚሠራበት በማይክሮሶፍት አክሰስ የስቶክ ፕሮግራም ሠራችሁ እንበል። ሲከፈት ዋናው ፎርም ብቻ ይመጣል፣ በግራ በኩል ያለው የቴብሎች (ዳታው የሚቀመጥባቸው ሠንጠረዦች) ዝርዝር ተደብቋል። ካሸሯ ሺፍትን ተጭና ፋይሉን ስትከፍተው ግን ያ ሁሉ ይዘለላል፤ ፋይሉ ሲከፈት በራሱ የሚሠራው አውቶኤግዜክ ማክሮም አይነሳም፣ ዋጋውም ብዛቱም ፊቷ ይዘረገፋል።

የብዙዎቻችን ስህተት መደበቅን እንደ መዝጋት መቁጠር ነው። ኦፕሽንስ ገብቶ የናቪጌሽን ፔኑን (የዚያን የግራ ዝርዝር) ምልክት ማንሳት ሺፍትን አይከለክልም። እዚያው ያለውን የስፔሻል ኪይስ (የአክሰስ ልዩ ቁልፎች) ምልክት ካላነሳችሁ ደግሞ ሺፍትም አያስፈልግ፣ ኤፍ 11 ሲነካ የተደበቀው ዱብ ይላል።

ሺፍትን የሚዘጋው አላውባይፓስኪ የሚባለው ፕሮፐርቲ (የፋይሉ ቅንብር) ነው። ኦፕሽንስ ውስጥ አትፈልጉት፣ የለም። የሚቀመጠው በቪቢኤ (የአክሰስ የፕሮግራም ቋንቋ) ኮድ ነው፤ በቀጥታ ፎልስ ልበለው ያለ ሰው ስህተት ቁጥር 3270 ይመጣበታል፣ ምክንያቱም እናንተ እስክትፈጥሩት ድረስ ፕሮፐርቲው ፋይሉ ውስጥ የለም። በክሪኤትፕሮፐርቲ ፍጠሩት፣ ዓይነቱን ቡሊያን አድርጉት፣ ፋይሉ ላይ አፔንድ አድርጉት (ጨምሩት)። ከዚያ ፋይሉን ዘግታችሁ ክፈቱ። ሳይዘጋ ሞክሮ «ኧረ አልሠራም» የሚል ሞልቷል።

ቅጂ ሳይዙ መዝጋትም አለ፤ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ እንደመርሳት ነው። መውጫው ግን ቀላል ነው፦ ከሌላ የአክሰስ ፋይል በኦፕንዳታቤዝ የተዘጋውን ጠርታችሁ ፕሮፐርቲውን ትሩ ማድረግ። ደስ አይበላችሁ ታዲያ፣ ትንሽ ቪቢኤ የሚያውቅ ሠራተኛም ይችላታል።

ፋይሉን ኤሲሲዲኢ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት መቀየር ጥሩ ነው፤ ግን የሚዘጋው ኮዱንና የፎርሞቹን ዲዛይን እንጂ ቴብሎቹን አይደለም። ዋናውን ኤሲሲዲቢ (ያልተቀየረውን ፋይል) ደግሞ አደራ፣ ኮዱ ያለው እሱ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን ፍሮንት ኤንዱን (ፎርሞቹ ያሉበትን ፋይል) ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ ዳታው ያለበትን ባክ ኤንድ ሼርድ ፎልደር ላይ እንደተከፈተ መተው ነው። ሰዎቹ እንዲሠሩ ፎልደሩ ላይ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ ሰጥታችኋል፤ ስለዚህ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ መሄድም ይችላሉ። ፓስወርድ ብታደርጉበት እንኳ፣ ቴብሎቹ ሊንክ ሲደረጉ ፓስወርዱ ፍሮንት ኤንዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፈልጎ ማንበብ ይቻላል።

ደሞዝ ወይም የደንበኞች ዕዳ ያለበት ከሆነ ሺፍት ላይ ጊዜ አትፍጁ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ የሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ሰርቨር በነፃ ይገኛል። ቴብሎቹን ወደዚያ አዛውሩ፣ ፎርሞቹ አክሰስ ላይ ይቆዩ። ማን የትኛውን ቴብል እንደሚያይ እዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ይወሰናል፤ ካሸሯ ሺፍትን ብትጫንም ያልተፈቀደላት ቴብል አይከፈትላትም።