ሃይብሪድ ሳይክልን ለኮረኮንች ስታዘጋጁ፦ ሁሌ የማያቸው ስህተቶች

ሀዋሳ ለሳይክል የተሠራች ከተማ ትመስላለች። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ከፒያሳ ፍቅር ሐይቅ እስክትደርሱ ማርሽ መቀየርም አያስፈልግ። ጣጣው ከአስፋልቱ ስትወጡ ነው። ወደ አላሙራ ግርጌ ወይም ወደ ቱላ ገጠር ውስጥ ለውስጥ ስትገቡ ኮረኮንቹ ጥርስ ያንገጫግጫል። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ለኮረኮንች የተሠራውን፣ ቆልማማ መሪና ወፍራም ጎማ ያለውን ግራቭል ሳይክል ያያሉ። ዋጋውን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ከዚያ የአጎታቸውን አሮጌ ሃይብሪድ፣ ቀጥታ መሪ ያለውን የኮርስና የማውንቴን ሳይክል ድብልቅ፣ እየገፉ እኔ ጋ ይመጣሉ።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሃይብሪድ ለግራቭል የቅርብ ዘመድ ነው። ቸርኬው ትልቅ ነው፣ ፍሬሙ ከኮርስ ሳይክል ይልቅ ለወፍራም ጎማ ቦታ አለው፣ ማርሹም ለዳገት አያንስም። ብሩ የሚባክነው ከየት እንደሚጀመር ባለማወቅ ነው።

ከመሪው የሚጀምር ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ቆልማማ የኮርስ መሪ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ጎማው ሙልጭ ብሏል። የፍሬኑ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን እየፋቀው ነው። እሱ ግን ያለ የሌለ ብሩን መሪ ገዝቶበታል። «ጋሼ፣ እሱን ብቻ ይግጠሙልኝ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል» አለኝ።

እሺ፣ እንግጠም። የድሮውን የፍሬን እጀታ ፈትተን ወደ አዲሱ መሪ ልናስገባ ስንል እምቢ አለ። መቼም አይገባም። የቀጥታ መሪ እጀታው የሚታሰርበት ቦታ ውፍረቱ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኮርስ መሪ ደግሞ 23.8። ይሄን የሰማ ሁሉ «በሞረድ ይሰፋላ!» ይላል። ልጁም ለካ ቤቱ ሞክሮት አንደኛውን እጀታ ሰንጥቆታል። ማርሽ መቀየሪያውም ያው ነው፣ አይገባም።

ስለዚህ የኮርስ እጀታ ይገዛል። የባሰው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የብዙ አሮጌ ሃይብሪድ ፍሬን ሁለት ረጃጅም ክንድ ያለው፣ ቪ ብሬክ የሚባለው ነው። ቪ ብሬክ ሽቦው ብዙ እንዲሳብለት ይፈልጋል። የኮርስ እጀታ የሚስበው ትንሽ ነው። ላስቲኩን ከቸርኬው ካራቃችሁት እጀታው መሪውን እስኪነካ ትጨብጡታላችሁ፣ ሳይክሉ ግን መሄዱን አይተውም። ካስጠጋችሁት ደግሞ ቸርኬው ትንሽ በተወዛወዘ ቁጥር ይታከካል። ሁለቱን የሚያስማማ ዕቃ አለ። ክንዱ አጠር ያለ ቪ ብሬክም አለ። እሱን ለማግኘት ግን ሌላ ብር፣ ምናልባትም ሌላ የአዲስ አበባ ጉዞ።

አልጨረስኩም። የሃይብሪድ ፍሬም የተለካው ለቀጥታ መሪ ስለሆነ ከመቀመጫው እስከ መሪው ረዘም ይላል። ቆልማማው መሪ እጃችሁን ሌላ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ይወስደዋል። ሳይክሉ ላይ ተዘርግታችሁ ትነዳላችሁ፤ ማታ ወገባችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ። መሪውን ከሳይክሉ ጋር የሚያያዘውን አንገት በአጭር መቀየር ግድ ይሆናል ማለት ነው። እሱም በብር ነው።

ቀጥታውን መሪ ተዉት። በረጅም መንገድ እጅ የሚቀያየርበት ከፈለጋችሁ ቀንድ የሚመስሉትን አጫጭር መያዣዎች መሪው ላይ እሰሩ፤ ቀላልም ርካሽም ናቸው። ልጁን እንዲህ ብዬ ስጨርስ ትንሽ ዝም አለና «ቆልማማው ግን ያምራል» አለ። ማማሩንስ ያምራል።

ብራችሁን ጎማ ላይ አውሉት። እዚህም ላይ ሳይለኩ የሚገዙ አሉ፤ ከእነሱ አንዱ እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያዋን ሃይብሪዴን ሳዘጋጅ በ35 ፋንታ 45 ሚሊ ሜትር ጎማ አስገባሁ። በበጋ እንደ ንጉሥ ነዳሁባት። ሐምሌ ላይ ከቱላ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ጭቃው ከጎማው ጋር ዞሮ የፊት ጎማውን የሚይዘው ፎርክ ሥር ተጠቀጠቀ። ጎማው ቀጥ አለ። በእንጨት ብፈቀፍቀው አሥር ሜትር ሄዶ ይቆማል። በመጨረሻ ተሸከምኳት። አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ ዝግ ብሎ «ወንድሜ፣ ተራው የሷ ነው?» ብሎኝ ሄደ።

አሁን በእርሳስ ነው የምለካው። የትምህርት ቤት እርሳስ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጎማው ተነፍቶ ከገባ በኋላ እርሳሱን በሁለቱም ጎን አሳልፉ፣ ከላይ ፎርኩ ሥር አሳልፉ፣ ከኋላ ፔዳሉ አካባቢ ፍሬሙ የሚጠብበት ቦታ ላይ አሳልፉ። ከዚያ ጎማውን ቀስ ብላችሁ አንድ ሙሉ ዙር አሽከርክሩ፤ ቸርኬው ጠማማ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ እርሳሱን ይነክሰዋል። ካላለፈ ጎማው ወፍሯል። ብዙ ሃይብሪድ 40 ይችላል፤ የእናንተው ካልቻለ 38ም ክፉ አይደለም።

ቁጥሩንም አንብቡ። ጎማው ጎን ላይ 40-622 የሚል ታገኛላችሁ። 622 የቸርኬው ልክ ነው። 700፣ 28 እና 29 የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ ያው 622 ናቸው። 26 የሚባለው የማውንቴን ሳይክል ጎማ 559 ነው። «ስቦ ይገባል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ።

ደግሞ አደራ፣ እንደ ድንጋይ አታስነፉት። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ «ሙላልኝ» ካላችሁ ሰውዬው ከጭነት መኪና ቀጥሎ የእናንተን ይይዝና በአውራ ጣቱ ተጭኖ «አሁን ጥሩ ነው» ይላል። ጥሩ አይደለም። 40 ሚሊ ሜትር ጎማና 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሆነ ከ40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ጀምሩ፣ ከኋላ ትንሽ ጨምሩ። ወፍራም ጎማ የገዛችሁት ኮረኮንቹን እንዲውጥላችሁ ነው፤ ካደነደናችሁት ክንዳችሁ ይውጠዋል። በጣም ካጎደላችሁት ደግሞ ድንጋይ ሲመታው የውስጡ ጎማ በቸርኬው ተቆንጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ እሾህ ፍለጋ አትድከሙ፣ ንፋሱን ጨምሩ።

የግራ ፔዳል በተቃራኒ ነው የሚፈታው። ይሄን ለመጻፍ እንኳ ያሳፍረኛል፤ ግን በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ሰው በተሳሳተ በኩል አዙሮ የፔዳሉን ጥርስ አበላሽቶ አምጥቶልኛል። የቀኙ እንደማንኛውም ቡሎን ይፈታል። የግራው በሰዓት ቆጣሪ አዟዟር ይፈታል። መሃል ላይ ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ኩሽኔታ ደግሞ በብዙዎቹ ሳይክሎች ላይ ግልባጩ ነው፤ የተገለበጠው የቀኙ ጎን ነው። እኔ ራሴ ድሮ በቁልፉ ላይ የአንድ ሜትር ቧንቧ ሰክቼ፣ ጎረቤት ጠርቼ፣ ለሁለት ተጭነን እያጠበቅነው ነበር። ላባችን ሲንጠፈጠፍ የጎረቤቴ ልጅ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ፣ «በዚህስ ብታዞሩት?» አለ።

ካቴናውን ሳይለኩ መቀየር ወይም ሳይለኩ መተው፣ ሁለቱም ኪሳራ ነው። ማስመሪያ አምጡ። ከአንዱ ፒን መሃል ጀምራችሁ፣ የጀመራችሁበትን ሳትቆጥሩ፣ 24ኛው ፒን መሃል ድረስ ለኩ። አዲስ ካቴና 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.6ን ካለፈ ቀይሩት። 30.8 አካባቢ ከደረሰ የኋላውን ጥርስም በልቶታል፤ አዲስ ካቴና ብቻ ብታስገቡ ዳገት ላይ ይዘላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የምትቀቡት ልጆች ተዉ፤ ቆሻሻው ካቴናውን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው።

የፊቱ ፎርክ ስፕሪንግ ያለው ከሆነና ከሠራ አትንኩት። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ስፕሪንግ በሌለው ፎርክ ስትቀይሩት ግን አዲሱ ካጠረ የሳይክሉ አፍንጫ ይደፋል፣ መሪውም ይቀብጣል። ቁመቱን ለክታችሁ ካገኛችሁ ቀይሩ። ካላገኛችሁ በዚያው ብር የፍሬን ላስቲክና ሽቦ ግዙ።

የቸርኬውን ጎን በጣት ዳስሱት። ወደ ውስጥ ጎድጎድ ካለ በፍሬን ብዛት ተበልቷልና ጎማ አትግዙለት፣ እሱን ቀይሩ።

ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ በቀጥታ ወደ ወንዶ ገነት የሚሮጥ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንዱ መንገድ ላይ መሪው በእጁ ዞረ፤ እግዜር ጠብቆት ሣር ላይ ወደቀ። አዲስ ሽቦ ይላላል፣ አዲስ የታሰረ ቡሎንም ይላላል። የመጀመሪያውን ቀን እዚሁ ሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ እየነዳችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ያዙ። 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ቁሙና ሁሉንም እንደገና አጥብቁ፣ ራጂዎቹንም አንድ በአንድ ቆንጥጡ። እኔ ብሩጎላ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የምወጣው። ሱሪዬን ቀዶታል፤ ሚስቴ ሁለቴ ጥፋበታለች።