ስለ ሎካላይዜሽን መድረክ ላይ ልትናገሩ ነው? ከአክስታችሁ ስልክ ጀምሩ

አክስቴ የምትኖረው አዳማ ነው። አንድ ቀን ከአንድ ክሊኒክ የጽሑፍ መልእክት ደረሳት። "ቀጠሮዎ ነገ 2:00 ነው" ይላል። እሷም እንደ ማንኛችንም ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። ቀጠሮው ግን ከሰዓት 8 ሰዓት ነበር። ሶፍትዌሩ ሰዓቱን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ አማርኛ የሆነው ጽሑፉ ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ጠበቀች፣ ለዚያውም በአዳማ ሙቀት።

ይህን መድረክ ላይ ስናገር አዳራሹ ወዲያው ይነቃል። የራሱ እናት፣ የራሱ ጎረቤት ትዝ የማይለው ሰው የለም። የመጀመሪያው ገለጻዬ ግን እንዲህ አልነበረም። ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በጋራ ስለሚለዩበት ሥርዓት፣ ስለ ዩኒኮድ ታሪክ ነበር ያወራሁት። ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ እንደገባ፣ በዩቲኤፍ ኤይት የጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት እንደሚይዝ፣ ሌላም ሌላም። ሁሉም ትክክል ነው። ሰሚው ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩን ማየት ጀመረ፤ ምክንያቱም ይህ ሁሉ ለማን እንደሚጠቅም አልነገርኩትም።

ስለዚህ በዴቨሎፐሮች መድረክ ላይ፣ ሶፍትዌርን ለሌላ ቋንቋና ለሌላ አገር ተጠቃሚ ስለማስማማት፣ ማለትም ስለ ሎካላይዜሽን ለመናገር ካሰባችሁ፣ ከሁሉ በፊት አንድ የተበላሸ ነገር ፈልጉ። አንድ ብቻ። ሰው ላይ ሲደርስ ራሳችሁ ያያችሁትን። ገለጻው በሙሉ እሱን ይከተል፤ ምን ተበላሸ፣ ለምን ተበላሸ፣ እንዴት ይስተካከላል።

የተበላሸውን የት ታገኛላችሁ?

አዳማ ላይ ከሆናችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከፍራንኮ እስከ መናኸሪያ በእግር ሂዱና የሱቆቹን ታፔላ እዩ። አንዱ ታፔላ ላይ አማርኛ በፊደል፣ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ከሥር ደግሞ እንግሊዝኛ አለ። እዚህ ከተማ የሚሠራ አፕ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሁለት የአጻጻፍ ሥርዓት መዘጋጀት አለበት። ብዙ አገር ያሉ ዴቨሎፐሮች ይህን ችግር የሚያገኙት ምርታቸው ውጭ አገር መሸጥ ሲጀምር ነው። እኛ ግን ሰፈራችን ውስጥ አለ።

የከተማዋን ስም ራሱ ውሰዱ። አንዱ አዳማ ብሎ ይፈልጋል። ሌላው፣ በተለይ ዕድሜው ገፋ ያለው፣ እስከ ዛሬ ናዝሬት ብሎ ይጽፋል። በቁቤ የሚጽፈው አናባቢውን ይደጋግማል፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው አይደጋግምም። ከተማዋ አንድ፣ አጻጻፉ አራት። የዕቃ ማድረሻ አፓችሁ ከአራቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሦስቱ ሰዎች "አልተገኘም" ይባላሉ። አንድ ጥሩ የ20 ደቂቃ ገለጻ እዚህ ውስጥ አለ።

ወይም ፀሐይ የሚለውን ስም። ፀ እና ጸ ሁለት ናቸው። መሃል ላይ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊገቡ ይችላሉ። 12 አጻጻፍ ማለት ነው፣ ሁሉም ሲነበብ አንድ። ዳታቤዙ ግን 12 ሰው ነው የሚያየው። ብዙ ዴቨሎፐር የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን (በተለያየ ኮድ የተቀመጠን አንድ ፊደል ወደ አንድ መልክ የሚያመጣው ሥራ) ይህን የሚፈታ ይመስለዋል፤ አይፈታም። ለዩኒኮድ እነዚህ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ለፍለጋ ብቻ የሚሆን፣ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ሌላ ዓምድ ራሳችሁ ማዘጋጀት አለባችሁ፤ ሰውየው የጻፈው ስም ግን እንዳለ ይቀመጥ። ስሙ ነውና አትንኩበት።

የጳጉሜ ነገር ደግሞ አለ። የልደት ቀን መሙያው 12 ወር ብቻ ከዘረዘረ ጳጉሜ 3 የተወለደ ልጅ ልደቱን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ዕንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ኮድ ውስጥ የጻፈ ሰውም አለ። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ከ2019 ጳጉሜ በኋላም እንደዚያው ይሆናል።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው "ፎቶ ልኮልሃል" የሚለውን ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስሙን ከፊት ትቀጥላላችሁ፣ አለቀ። በአማርኛ ላኪው ወንድ ወይም ሴት፣ ተቀባዩም ወንድ ወይም ሴት ነው። ላከልህ፣ ላከልሽ፣ ላከችልህ፣ ላከችልሽ። ተቀባዩ እርስዎ ከሆነ ላከልዎ እና ላከችልዎ ይጨመራሉ። ስድስት ደረሰ፤ ላኪው አንቱ የሚባል ሰው ከሆነ ገና ይቀጥላል። ይህን ተሰብሳቢውን እየጠየቃችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ማንም ሳይነግራቸው፣ ዓረፍተ ነገርን ቆራርጦ በኮድ መቀጠል ለምን እንደማይሠራ ይገባቸዋል።

ሌላም አለ፣ በአጭሩ ልጥቀስ። የአባት ስምን "የቤተሰብ ስም" ብሎ ወስዶ ሰውየውን በአባቱ ስም ሰላም የሚል ኢሜይል። ስም ውስጥ ከላቲን ፊደል በቀር ምንም አልቀበልም ብሎ የአፋን ኦሮሞን ሁድሃ፣ በቃል መሃል የሚገባውን ' ምልክት፣ የሚመልስ ፎርም። በእንግሊዝኛ 160 ፊደል የሚይዘው የጽሑፍ መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ስለሚይዝ እጥፍ የሚከፍል ድርጅት። ይህኛው በተለይ ገንዘብ ያዥ ባለበት አዳራሽ በደንብ ይሰማል።

መፍትሔውን አሳዩ፣ ስህተቱን ብቻ አታሳዩ

ስህተት አሳይቶ ማሳቅ ቀላል ነው። ሰሚው ግን ሰኞ ቢሮ ሲገባ ምን ይቀይር? ይህን ካልመለሳችሁለት ገለጻው ግማሽ ነው።

በአክስቴ ቀጠሮ ላሳያችሁ። መጀመሪያ፣ ሰዓቱ ዳታቤዝ ውስጥ በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ በዩቲሲ ይቀመጣል። እኛ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ዓመቱን ሙሉ አይቀየርም። ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ለሰው ሲታይ ብቻ ነው። የሰዓት ቀጠናውን ወደ ኋላ በ6 ሰዓት አዛብተው "ሠራ" የሚሉ አሉ። ለጊዜው የሠራ ይመስላል፤ ያንን ሰዓት ሌላ ሲስተም ሲያነበው ግን ቀጠሮው በሙሉ በ6 ሰዓት ይዛነፋል። ቀጥሎ፣ ቁጥሩ ብቻውን አይውጣ። "ከሰዓት 8 ሰዓት" ብሎ የጻፈ መልእክት ማንንም አያሳስትም። ሦስተኛ፣ የዘመን አቆጣጠሩን ራሳችሁ ከዜሮ አትጻፉ። ብሮውዘሮች ኢንትል በሚባለው ክፍላቸው፣ አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪም እንዲሁ፣ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቁታል። ከጠዋት የሚጀምረውን ሰዓታችንን ግን አያውቁትም፤ እሱን እናንተ ትሠሩታላችሁ። ይህንን ልዩነት መድረክ ላይ ስትናገሩ ማስታወሻ የሚይዙ ሰዎች ታያላችሁ።

ኮዱን በትንሹ አሳዩ። አንድ ስላይድ ላይ ከስድስት ወይም ሰባት መስመር በላይ ከሆነ ከኋላ የተቀመጠው አያነበውም።

አንድ መሣሪያ ሳታሳዩ እንዳትወርዱ። አንድሮይድ ላይ የሚሠራ ሰው ሐሰተኛ ቋንቋ ከፍቶ አፑን መሞከር ይችላል። አንዱ እንግሊዝኛውን በምልክትና በተጨማሪ ፊደል ያስረዝመዋል፣ ሌላኛው ደግሞ ገጹን ከቀኝ ወደ ግራ ይገለብጠዋል። አንድም ተርጓሚ ሳይቀጠር የትኛው ጽሑፍ ኮድ ውስጥ እንደተቀበረ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚቆረጥ በአንድ ደቂቃ ይታያል።

ማመልከቻው

ኮንፈረንሶች ርዕስና አጭር መግለጫ ይጠይቃሉ። "የሎካላይዜሽን መግቢያ" ብላችሁ ከላካችሁ ያንኑ የላኩ ብዙ ናቸው። "አክስቴ ለምን ስድስት ሰዓት ጠበቀች" ቢል ግን አንባቢው ይቀጥላል። መግለጫው ውስጥ ምን እንደተበላሸ፣ ለምን ከባድ እንደሆነና ሰሚው ምን ይዞ እንደሚወጣ ጻፉ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

በአምስት ደቂቃ አጭር ገለጻ ጀምሩ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ስለሆነች ተማሪ ሰሚ አይጠፋም። የጉግል ዴቨሎፐር ቡድኖች በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ አካባቢ በየከተማው የሚያዘጋጇቸው ዴቭፌስት የሚባሉ ጉባኤዎችም አሉ። ውጭ አገር ማመልከት ካሰባችሁ የጉዞ ድጋፍ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ማኅበረሰባዊ ኮንፈረንሶች ይሰጣሉ። ቪዛውን ደግሞ አታዘግዩ። የሼንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ ስለዚህ የመቀበያ ደብዳቤው በደረሳችሁ ቀን ጀምሩ።

ውጭ ስትናገሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። 13 ወር ስትሉ አዳራሹ ይደነቃል፣ ያጨበጭባል። እንደ ጉድ አይተውት እንዲሄዱ ግን አትፍቀዱ። "የእናንተ አፕ ውስጥስ ዓመት 12 ወር ነው ብሎ የሚያምን ኮድ ስንት ቦታ አለ?" ብላችሁ ወደ እነሱ መልሱት። ከዚያ ባለ ነጥቡ አይ ከሌላ ፊደል ከሚቆጠርበት ከቱርክኛው ነጥብ አልባ አይ (ı) ጋር አያይዙት፣ እንደ ቁጥሩ ከሚለዋወጠው ከአረብኛው ስድስት የብዛት ቅርጽ ጋርም። የኛ ችግር ብቻውን የቆመ እንዳልሆነ ይታያቸዋል።

ከመድረክ በፊት ያለው ቀን

ፎንት! አንዴ ስላይዶቼን በአዘጋጆቹ ላፕቶፕ ስከፍት አማርኛው በሙሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ወጣ። ስለ አማርኛ ሶፍትዌር ልናገር ነው የቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ስላይዱን ሁልጊዜ ፎንቱ አብሮት ባለበት ፒዲኤፍ አወጣለሁ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የፊደላችንን ፎንትም በፍላሽ እይዛለሁ። በመስመሮች መሃል ያለውን ክፍተትም ጨምሩ፤ ለላቲን የተለካ ክፍተት የፊደላችንን ራስና እግር ይቆርጣል።

ዴሞው ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት። በቪዲዮም ቀድታችሁ ያዙት። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ መብራት አይታመንም።

አዳማ ላይ ከሆነ አፋን ኦሮሞውን በማሽን ተርጉማችሁ ስላይድ ላይ እንዳትለጥፉ። በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው አዳራሹ ውስጥ አለ፣ ገና ሳትጨርሱ ያውቀዋል። ቋንቋውን የሚጽፍ ጓደኛ ለምኑና ያንብብላችሁ፣ ስሙንም ስላይዱ ላይ አመስግኑ። "አካም ጅርቱ" ብላችሁ ሰላምታውን በሁለቱም ቋንቋ ጀምሩ።

ልምምዱን ፕሮግራመር ባልሆነ ሰው ፊት አድርጉ። እኔ ለአክስቴ ነው የማቀርበው፣ ቡና እያፈላች። የማይገባት ቦታ ላይ ፊቷ ይነግረኛል። እዚያ ቦታ ላይ ምሳሌ እጨምራለሁ ወይም እቆርጠዋለሁ።

ጥያቄ ሲመጣ

ስለ ቋንቋ ስታወሩ ክርክር ይነሳል። "ለምን በቁቤ?" "ለምን ናዝሬት አልክ?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄውን አትናቁት፣ ከልብ የመጣ ነው። እኔ ሁልጊዜ ወደ ተጠቃሚው እመለሳለሁ። ሰውየው በለመደው አጻጻፍ ሲጽፍ ሶፍትዌሩ ሊረዳው ይገባል፤ የኛ ሥራ እሱ ነው። የማታውቁትን ከተጠየቃችሁ አላውቅም በሉና አድራሻውን ተቀብላችሁ ቆይታችሁ መልሱለት። የምር መልሱለት።

ስትወርዱ ደግሞ የተሳሳተ የአማርኛ ወር ስም ወይም የቀን አጻጻፍ ያሳያችሁ ሰው ካለ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት። ስህተቱ ሲኤልዲአር ከሚባለው የዩኒኮድ መረጃ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ አንድሮይድም፣ አይፎንም፣ ብሮውዘሮችም ከዚያ ይወስዳሉ፣ መረጃውን የሚያዘጋጁት ሰዎችም ማስተካከያ ከማንም ይቀበላሉ። ላኩት። ፎቶውንም ከቀኑ ጋር አስቀምጡ፣ የሚቀጥለው ገለጻችሁ የመጀመሪያ ስላይድ ይሆናል።